አባቷ የደበቁባት ትኋን

ሲስተር አባቷ ጃጅተዋል ብላ ማመን የጀመረችው በላምባው ሽታ ነው።

በምሳ ሰዓት ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሽታው በሩ ላይ ተቀበላት። ቤታቸው ውስጥ ላምባ የሚፈልግ ዕቃ የለም፤ ምድጃው በኤሌክትሪክ ነው፣ ፋኖስም የላቸውም። ሽታውን ተከትላ ስትሄድ አባቷ ክፍል ደረሰች። እሳቸው መስኮቱ ሥር ባለው ነጠላ ሶፋ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮታቸውን እንደለበሱና ጫማቸውን እንዳሰሩ ቁጭ ባሉበት እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የአልጋው እግሮች ርሰዋል። ወለሉ ላይ አንድ ቡትቶ ጨርቅና ግማሹ የጎደለ የላምባ ጠርሙስ ተቀምጧል።

ቀሰቀሰቻቸውና ምን ሲያደርጉ እንደነበር ጠየቀቻቸው። ጠርሙሱን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ከዚያ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ረስቼዋለሁ አሏት።

ሲስተር የሚሏት ነርስ ስለሆነች ነው። ስሙ ከጤና ጣቢያው አልፎ ሰፈሩም ውስጥ ገብቶ፣ ባለሱቁም ጎረቤቱም ሌላ መጠሪያ ያላት አይመስለውም። ሥራዋ ቁስል ማጠብና ማሸግ ነው። በቀን ሠላሳ አርባ ሰው እያጎነበሰች ስታሽግ ውላ ማታ ወገቧ ቁርጥ ብሎ ትገባለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት፤ ሚጣ ይሏታል። አባቷን ደግሞ ሁሉም ሾፌሩ ነው የሚሏቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ለብቻቸው ሲኖሩ ቆይተው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ሲወድቁ ሲስተር ጊዜ አልሰጠችም፤ በሳምንቱ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። ዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍል አጽድታ፣ አልጋ ዘርግታ፣ ሰፈር ከሚቀይር አንድ ጎረቤት ያንን ነጠላ ሶፋ ገዝታ አስገባችላቸው። እሳቸው ይዘው የመጡት አንድ የእንጨት ሳጥንና አንድ ብርድ ልብስ ነበር።

ይህ ከሆነ አራት ወር አልፎታል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሾፌሩ ሌላ ሰው ሆኑ። አልጋቸው ላይ መተኛት ትተው ሶፋው ላይ ማደር ጀመሩ። አንሶላቸውን ማንም ሳያዛቸው በየሁለት ቀኑ ራሳቸው ያጥባሉ። ሲስተር አንድ ቀን ለምሳ ብቅ ስትል በእጅ ባትሪ ግድግዳው ላይ ሲያበሩ አገኘቻቸው፤ በዚያ ላይ መጋረጃው ተከፍቶ ክፍሉ በብርሃን ተሞልቷል። ከሁሉም የከፋት ግን የሚጣ ነገር ነው። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ይዛ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ስትል፣ አያቷ ክንዷን ይዘው አስነሷትና ሁለተኛ እዚህ ክፍል እንዳትገቢ አሏት። ሚጣ አላለቀሰችም። እናቷን አያቴ ጠላኝ እንዴ ብላ ብቻ ጠየቀቻት።  የልጅ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ ካላስቀመጡ ምግብ የማይበሉ ሰው ነበሩ።

ሚጣ ራሷ ሌላ ጣጣ ነበረባት። አንገቷና ክንዷ ላይ ቀያይ እብጠት ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሲስተር መጀመሪያ የወባ ትንኝ ነው ብላ አጎበር ሰቀለች። አጎበሩ አልረዳም። ቀጥላ ሳሙና ቀየረች፤ ለጥቂት ቀን የተሻላት መሰለ፣ ከዚያ ባሰ። በመጨረሻ እከክ ነው ብላ ደመደመችና ሦስቱም ከአንገታቸው እስከ እግር ጣታቸው ቅባት ተቀቡ። ሾፌሩ ሸሚዛቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ሰጡ። ሲስተር ስትቀባቸው በወገባቸው ዙሪያ ያለውን የመቧጨር ጠባሳ አይታለች፤ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ስታይ የዋለች ዐይኗ ደክሞ ስለነበር፣ የሽማግሌ ቆዳ ድርቀት ነው ብላ አለፈችው።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ መምህርት አስጠራቻት። ሌሎች ወላጆች ቅሬታ አቅርበዋል፣ ልጅቷ እስክትድን ቤት ብትቆይ ይሻላል አለቻት፤ ትሕትና በተሞላበት ድምፅ፣ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ። ሲስተር ያቺን አንድ እርምጃ አየቻት። እሷም የሚተላለፍ ነገር ያለበት ሕመምተኛ ሲመጣ እንደዚያው ነው የምታደርገው። ልጇን ይዛ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ላምባው የተገኘው በዚያው ሳምንት ነው። ጃጅተዋል የሚለው ሐሳብ አንዴ ጭንቅላቷ ውስጥ ከገባ በኋላ ያየችው ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ክብሪቱን ደበቀች፣ የላምባውን ጠርሙስ ደፋች፣ በማግስቱ አባቷን ይዛ ጤና ጣቢያ አብሯት የሚሠራ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሙ ቀኑን ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ከመቶ ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ አዘዛቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ርቀትና ጭነት ሲያሰሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ሳይደናቀፉ ሁለት ላይ ደረሱ። ሰዓት ይሣሉ ሲላቸው ሰከንድ ቆጣሪዋን ጭምር ሣሉ። ላምባውን ለምን አልጋ ላይ እንዳፈሰሱ ሲጠይቃቸው ግን ጉልበታቸውን እያሻሹ አላስታውስም አሉ። ለምን ቁጭ ብለው እንደሚያድሩም አላስታወሱም። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሲስተርን ለብቻዋ ጠራትና፣ በሕይወቱ እንዲህ መርጦ የሚረሳ ሰው እንዳላየ ነገራት። ቢሆንም ጅማሬው እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ከሦስት ወር በኋላ እንያቸው፣ እሳት አጠገባቸው አይኑር አላት።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሾፌሩ ሁልጊዜ የሚተቹትን የአውቶቡስ ነጂውን የማርሽ አቀያየር ሳያነሡ መንገዱ አለቀ። ሊወርዱ ሲሉ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ እንዳለና ጥሩ ነው ሲባል እንደሰሙ ነገሯት። ሲስተር ክንዳቸውን ይዛ ከአውቶቡሱ አወረደቻቸው። 

ቅዳሜ ጠዋት ነበር ነገሩ የፈነዳው። ሾፌሩ ገላቸውን እየታጠቡ፣ ሚጣ በረንዳ ላይ እየተጫወተች፣ ሲስተር የአባቷ ኮት ቁልፉ ተበጥሶ ስላየች መርፌና ክር ይዛ ቁጭ አለች። ኮሌታውን ስትገለብጠው አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነገር ከስፌቱ ወጥታ በቀስታ መሄድ ጀመረች። ሲስተር በአውራ ጣቷ ጥፍር ተጫነቻት። ደም ወጣ። ከባድ፣ የሻገተ ዓይነት ሽታም ተከተለው።

ለጥቂት ጊዜ ጣቷን እያየች ቀረች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና የራሷን ክንድ አየች። ሦስት ንክሻዎች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። የወባ ትንኝ እንዲህ አይሰለፍም። እከክ እንዲህ አይሰለፍም። በሌላ ሰው ክንድ ላይ ብታየው በአንድ እይታ ታውቀው ነበር።

ተነሥታ የአባቷን ፍራሽ ገለበጠች። በስፌቱ ዙሪያ እስክሪብቶ ቀለም የደፋበት የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። በአልጋው መጋጠሚያ ላይ ነፋስ የሚወስዳቸው ባዶ ቅርፊቶች፣ ከሰሊጥ ያነሱ ነጫጭ እንቁላሎችም አሉ። ላምባ ያደነዘዛቸው አራት የሚሆኑ ተባዮችም ስንጥቁ ውስጥ ተወሽቀዋል። ቀና ስትል ሾፌሩ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

“አባዬ፣ ይሄ ትኋን ነው” አለቻቸው።

“አዎ።”

“ያውቁ ነበር?”

“በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው ያወቅሁት።”

ሲስተር ፍራሹን ለቀቀችው። ሾፌሩ ገቡና የእንጨት ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ፎጣውን አጣጠፉት።

“ልጄ፣ እኔ ያላደርኩበት አልጋ ቤት የለም። ይሄን ነገር ገና በጠረኑ አውቀዋለሁ። በሳጥኔ ይዤው የመጣሁ መሰለኝ። ባል የሌለሽ፣ ልጅ የምታሳድጊ፣ ቀን ስትለፊ የምትውዪ ልጅ ነሽ፤ ጭራሽ ትኋን አመጣሁብሽ ከምልሽ፣ ጃጀ ብትይኝ ይሻለኛል ብዬ ነው።”

“ሐኪም ዘንድ ስወስድዎትስ?”

“እዚያማ ረሳሁ ከማለት የሚቀል ነገር አልነበረም።”

 ከዚያ ሚጣ ትዝ አለቻትና ንዴቱ መጣ። ልጄን አራት ወር ሲበሏት እያዩ ዝም አሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ሾፌሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት የኖሩ ይመስል ትከሻቸው ወረደ። ሚጣን ከክፍላቸው ያባረሯት ለዚያ እንደሆነ፣ ልጅቷ ላይ የሚወጣውም ሲስተር ራሷ እንዳለችው የሳሙና ይሆናል ብለው ራሳቸውን ሲያታልሉ እንደቆዩ ነገሯት።

“እኔን ብቻ እንዲበሉ ነበር የፈለግሁት” አሉ።

ሲስተር መሬት ላይ፣ አልጋውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ቁልፉ ያልተተከለለት ኮት እግሯ ሥር ወድቋል። 

ሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያውን የምታጸዳው ሴት፣ ሲስተር ችግሯን በሹክሹክታ ስታጫውታት፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ የአንዲት ሴትዮ ስልክ ሰጠቻት። ሴትዮዋ በአንድ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ሃያ ዓመት የክፍል አጽጂዎች አለቃ ሆና የሠራች፣ አሁን ቤት ለቤት እየዞረች ትኋን የምትፈልግ ሃምሳ ያለፋት ሰው ናት። የትኋን ሐኪሟ ይሏታል። ሲስተር ሰፈሩ እንዳያውቅ በስልክ ስትለማመጣት፣ እኔ ቤት የምመጣው እንደ ዘመድ ነው፣ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የምይዘው፣ ብዙ ትልልቅ ቤት ዘመድ አለኝ አለቻት።

እንዳለችውም ማክሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። ከውስጡ የእጅ ባትሪ፣ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድና ነጭ ወረቀት አወጣች። ከመንካቷ በፊት ጠየቀች፦ መጀመሪያ ማን ተነከሰ፣ ማን የት ይተኛል፣ ባለፈው ግማሽ ዓመት ወደዚህ ቤት ምን ዕቃ ገባ። ከዚያ የካርዱን ጠርዝ በየስፌቱና በየስንጥቁ እየሰደደች የወጣውን ወረቀቱ ላይ ታራግፍ ጀመር። የሚጣ አልጋ ላይ ጥቂት አገኘች፣ የሲስተር ራስጌ ላይ ሁለት። ወደ ሾፌሩ ክፍል ሲገቡ ሾፌሩ ራሳቸው ሳጥናቸውን ወደ መሐል ጎተቱት።

ሴትዮዋ ሳጥኑን ባዶ አደረገችው። መጋጠሚያውን፣ የማጠፊያውን ሥር፣ የክዳኑን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል አየች። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

“አባቴ፣ ይሄ ሳጥን ንጹሕ ነው” አለች። “ገብቶበትም አያውቅም።”

ሾፌሩ ደግመሽ እዪው አሏት። ደግማ አየችው። ከዚያ ሶፋውን ወደ ጎን ጣለችውና የታችኛውን ጨርቅ በምላጭ ቀደደችው። ሲስተር እጇን አፏ ላይ አደረገች። ውስጡ፣ በእንጨቱና በስፖንጁ መሐል፣ ይርመሰመሳል።

“ዋና ከተማቸው ይሄ ነው” አለች ሴትዮዋ። “አልጋዎቹ ገጠር ናቸው። ከየት የመጣ ሶፋ ነው?”

 ሾፌሩ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ፤ ልጃቸውን ላለማየት እንደሆነ ያስታውቃል።

“እኔ ነኝ ያመጣሁት” አለች ሲስተር። “ለእሳቸው ብዬ የገዛሁት ነው። እኔ ነኝ፣ አባዬ።”

“ወንበሩ ግን ምቹ ነበር” አሉ ሾፌሩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። “አልጋው ላይ ሲበሉኝ እየሸሸሁ የምተኛው እሱ ላይ ነው።”

ሴትዮዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። ትንሽ ቆይታ ግን ለሾፌሩም የድርሻቸውን ሰጠቻቸው። ላምባ ትኋን አይጨርስም፣ ይበትናል፤ ከዚህ ክፍል የሸሸው ነው ልጅቷ አልጋ የገባው፤ ቤቱ አለመቃጠሉም ዕድል ነው አለቻቸው። ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። 

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ማንም ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ክፍል እንዳይተኛ አዘዘች፤ ሰው ሲሸሽ እነሱም ይከተላሉ። ልብሱ፣ አንሶላው፣ መጋረጃው ሁሉ በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በፌስታል ታስሮ ተቀመጠ። ውኃ የማይችለው በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። አልጋዎቹ ከግድግዳ ተነጥለው እግራቸው ላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገባ፤ ለመውጣት የሚሞክር እዚያ እንዲቀር፣ መኖር አለመኖሩም እንዲታወቅ። የግድግዳውን ስንጥቅ ሾፌሩ በስቱኮ ደፈኑት። መድኃኒት የሚረጨው ሰው መጥቶ ረጨ፤ በሁለት ሳምንቱ እንቁላሉ ሲፈለፈል ደግሞ እንደሚመለስ ተነገራቸው። ሶፋው ወጥቶ ከመጣሉ በፊት ሴትዮዋ ሽፋኑን በየአቅጣጫው ቀዳደደችው፣ ማንም አዝኖለት ወደ ቤቱ እንዳያስገባው። ሾፌሩም ቀለም አምጥተው፣ የመኪና ሰሌዳ በሚያህል ፊደል ትኋን አለው ብለው ጻፉበት። ሲስተር ሰፈሩ ያያል ብላ ልትከለክላቸው አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ አፏን ዘጋችው። ሰፈሩ ይየው፤ ደክሟታል።

ትምህርት ቤትም ሄደች። ለመምህርቷ እውነቱን፣ ትኋን እንደሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ እንዳልሆነ፣ የልጅቷ ቦርሳና ልብስ በየቀኑ እየታየ እንደሚመጣ ነገረቻት።  መምህርቷ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየቻት። ሲስተር የትኋን ሐኪሟን ስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠቻት።

በሁለተኛው እሑድ አባትና ልጅ በረንዳ ላይ ልብስ ሲያጣጥፉ ዋሉ። ሲስተር ትተኩሳለች፣ ሾፌሩ ስፌቱን እያዩ ያጣጥፋሉ። ዐይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ ወሬ ጀመሩ። በሥራቸው ዘመን ከጉዞ ሲመለሱ እናቷ ጓሮ ውኃ አፍልታ ትጠብቃቸው ነበር፤ ልብሳቸውን እዚያው አውልቀው፣ ታጥበው ነው ወደ ቤት የሚገቡት። ከየአልጋ ቤቱ ምን ይዘው እንደሚመጡ አይታወቅማ።

ሲስተር ካውያውን አቆመችው። እሷ የምታስታውሰው ሌላ ነው። የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ እየሮጠች ስትወጣ አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ከሩቅ ያስቆሟታል፤ ፊታቸውን አዙረው በጓሮ በኩል ያልፋሉ። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ድረስ በየወሩ ያው ነበር። ከዚያ መሮጧን ተወች።

“ያኔ የማይወዱኝ ይመስለኝ ነበር” አለቻቸው።

ሾፌሩ የያዙትን የትራስ ልብስ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። “እናትሽ አልነገረችሽም?”

“አልነገረችኝም።”

“እኔ ደግሞ ነግራሻለች ብዬ” አሉ። የትራስ ልብሱን አጠፉና፣ “ዝም ያልኩት ሁሉ ለእናንተ እየመሰለኝ ነው” አሉ። ሲስተር ካውያውን መልሳ አነሣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታለቅስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ገና ሁለት ፌስታል ሙሉ ልብስ ይቀራት ነበር። የሚቀጥለውን አንሶላ ስታቀብላቸው ብቻ ከጎናቸው ተጠግታ ተቀመጠች።

የትኋን ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በሁለተኛው ጉብኝት በሚጣ አልጋ ሳህን ውስጥ አንዲት ትንሽዬ ተገኘች፤ ሲስተርም ሰማይ የተደፋባት ያህል ተሰማት፣ ከአልጋው ጠርዝ ላይም ተነሥታ መሥራት አቃታት። ሾፌሩ ናቸው ያን ቀን ውኃ ያፈሉት። ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት አለፈ፣ ስድስት ሆነ። የመጨረሻው ጊዜ ሴትዮዋ ካርዷን በየስንጥቁ ሰድዳ፣ ሳህኖቹን በባትሪ አይታ፣ ወረቀቷን ገልብጣ አሳየቻቸው። ምንም የለም። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ስፌቱን እንዲያዩ፣ ያገለገለ ዕቃ ሳይፈተሽ በር እንዳያልፍ፣ ከጉዞ የመጣ ሻንጣም አልጋ ላይ እንዳይቀመጥ አስጠነቀቀች። ሚጣ ደግሞ በደብተሯ ጻፈችው፣ አያቷ ጉልበት ላይ ተደግፋ።

ሲስተር ሴትዮዋን እስከ በሩ ሸኘቻት። ሁሉም ካለቀ በኋላም ክንዷን እንደሚያሳክካት፣ አንዳንዴ ቁስል እያሸገች ሳለ ሳይቀር አንድ ነገር አንገቷ ላይ የሚሄድ እንደሚመስላት ነገረቻት።

“እሱ ነው መጨረሻ የሚለቀው” አለቻት ሴትዮዋ። “እኔን ይኸው ሃያ ዓመቴ።”

ስትመለስ ቀኑ ገና እኩለ ቀን ነበር፣ ወደ ሥራም የምትገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ጫማዋን አወለቀች። የአባቷ ክፍል ሶፋው ስለሌለ ባዶ ባዶ ይላል፤ ፀሐዩ ወለሉ ላይ ወድቋል። ለአንድ ደቂቃ ጋደም ልበል ብላ አልጋቸው ላይ ወጣች። ሾፌሩ ሊጠሯት መጥተው ተኝታ አገኟት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ አንድ እጇ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ሰዓታቸውን አዩ። ሚጣ ድምፅዋን እንድትቀንስ በእጃቸው ምልክት ሰጧትና፣ ሊቀሰቅሷት ገና ግማሽ ሰዓት ስለነበር፣ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።